ንጹሕ ደም

በቤተ ሙከራው በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ንጹሕ ደም» ነው የሚሏት። ከአሮጌው የማዕድን ማውጫ ሥር የሚኖሩ ሰዎች የጉድጓድ ውሃቸው አርሴኒክ የሚባል መርዝ እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ደማቸው የሚመረመረው እዚህ ነው። የተጎዳውን ለመለየት ደግሞ ከጤነኛ ደም ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ጤነኛ ፍለጋ ማን ይዞራል? ከሠራተኞቹ አንዷ ክንዷን ትዘረጋለች፣ አለቀ። የምትዘረጋው ሁልጊዜ እሷ ነበረች፤ ጉንፋን እንኳ የማይደፍራት ሴት። ጤነኛ ናት ያለው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

የቧንቧ ውሃ አትጠጣም። አባቷ ጓሮ ውስጥ በገዛ እጁ ከቆፈረው ጉድጓድ በጠርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ ባልደረቦቿ ክሎሪን የሚሸተውን ሲጠጡ እያየች ትስቅባቸዋለች። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሏል ይህ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ የማን መሆናቸው እንዳይታወቅ ስማቸው በፕላስተር የተሸፈነ የደም ናሙና ስላይዶችን በማይክሮስኮፕ ስታይ አንዱ ላይ ዓይኗ ቀረ። ክሮሞሶሞቹ እንደ ክብሪት እንጨት ተሰባብረዋል። አንዱ ጫፍና ጫፉ ተጣብቆ ቀለበት ሆኗል። ወደ ሌላ ሴል ዞረች፤ ያው ነው። የአርሴኒክ ክፋቱ መስበሩ ብቻ አይደለም፤ የተሰበረውን የሚጠግነውንም እጅ ያስራል።

«ይሄስ ምስኪን፣ አልቆለታል» አለች።

አለቃዋ ፕላስተሩን ላጠው። «ያንቺ ነው» አላት።

«ኧረ ጋሼ፣ ቱቦ ተቀያይሮብኝ ነው!» ብላ ሳቀች።

ደሟ እንደገና ተቀዳ፤ ሴሎቹ እስኪያድጉ ተጠብቆ እንደገና ታየ። ቱቦ አልተቀያየረም። አለቃዋ ጠርሙሷን ከጠረጴዛዋ አንስቶ ለምርመራ ላከው።

የውሃው ውጤት አርሴኒክ አለበት ብሎ ሲመጣ ፈራች፤ ለራሷ ግን አልነበረም። ታናሽ እህቷ እዚያው ቤት ናት፣ እርጉዝ ናት። አባታቸው «ለልጅ ልጄ» እያለ ብርጭቆ ሲያቀብላት ነው የሚውለው። ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ በረረች።

እህቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ ነው። ነጠቀቻት። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው።

«እቴቴ! ምን ነካሽ?»

«መርዝ አለበት። የኔን ደም አበላሽቶታል።»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄ ውሃ? እስቲ እኔን እዪኝ!» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

መዳፉ ላይ እንደ ማሽላ ፍሬ የጠጠሩ ነጠብጣቦች ሞልተዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ ታያቸዋለች፤ የቁፋሮ ምልክት ይመስሏት ነበር። ደም ሊሰጡ በመጡት የማዕድን ሰፈር ሰዎች መዳፍ ላይ ስንቴ አይታቸዋለች፣ አንድም ቀን ግን ከአባቷ እጅ ጋር አላስተያየቻቸውም። የሰው ደም ከሰው ደም ስታስተያይ የምትውል ሴት!

«አባዬ» አለች፤ «እማዬም ከመሞቷ በፊት እጇ ላይ ነበረባት። እሷ መቼ ቆፈረች?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። መዳፎቹን ወደ ራሱ ዞር አድርጎ አያቸው።

«አልጋ ላይ ሳለች» አለ፣ «እህል አልወርድ ሲላት፣ ይሄንኑ ነበር በማንኪያ የማጠጣት። ‹ጠጪ፣ ይሻልሻል› እያልኩ።»

እህቷ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ብላ አየቻት።

«የኔስ ልጅ?» አለቻት።