ብርቱካን መሃል የተተከለ ድንኳን

ሱሀይራ ድሬ ተወልዳ ድሬ ያደገች፣ ብርድ የሚባለውን ነገር በዝና ብቻ የምታውቅ ነርስ ናት። ዘንድሮ ግን በታኅሣሥ ውርጭ ባሌ ተራራ ላይ ልታድር ከጓደኞቿ ጋር ተስማማች። ሁሉም ድንኳኑን ራሱ ስለሚሸከም፣ ቀለል ያለ የአንድ ሰው ድንኳን ፍለጋ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ገባች።

ነጋዴው ዐያንሌ ሁለት አወጣላት። «ይቺ ጎኗ መረብ ነው፣ ላባ በያት። ይቺኛዋ ድፍን ጨርቅ ናት፣ ትንሽ ትከብዳለች።»

«ለብርድ የትኛዋ ትሻላለች?»

«አቦ፣ እኔ ብርድ የት አውቄ!» አለና ላቡን ጠረገ።

ሱሀይራ ሳትሞክር መግዛት አይሆንላትም። አጎቷ ወርሳሜ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ ክፍል እንዳለው ትዝ አላት። ዐያንሌም ዕቃውን ለማንም አምኖ የሚሰጥ ሰው አይደለምና ሁለቱንም ድንኳን አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ከጎኗ ተሰየመ።

«ብርቱካኔ መሃል ልትተኚ? ቤት አልጋ የለሽም እንዴ?» አለ ወርሳሜ።

«አብቲ፣ ትንሽ ብቻ!» ስትል አጎቷን ለመነችው።

በሳጥኖቹ መሃል ሁለቱን ድንኳኖች ተከሏቸው። ሱሀይራ ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ መጀመሪያ ወደ ባለመረቧ ገባች። የማቀዝቀዣው ንፋስ በመረቡ እየሾለከ ጆሮዋን ቆነጠጣት። ጥርሷ ሲንገጫገጭ እየሮጠች ወደ ድፍኗ ተዛወረች። እዚያ ሞቅ አላት፤ ዚፑን ጥርቅም አድርጋ ጋደም አለች። ጥቂት ቆይቶ ግን አፍንጫዋ ላይ ጠብ! የራሷ ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ኖሯል። በዳበሳ አናቱ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አገኘችና ከፈተችው። ጠብታው ቆመ፤ ሙቀቱም አልሸሸም።

«ብትከብድም ይቺ ናት!» ብላ ጮኸች።

ወጥታ ብታይ፣ ዐያንሌ ነጠላ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ባዶ ካርቶን ደርቦ፣ ባለመረቧ ውስጥ ያንኮራፋል።

«ተይው» አለ ወርሳሜ በሩ ላይ ቆሞ በሳቅ እየፈረሰ። «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ድሬ ውስጥ ከየት ይገኛል?»

ዐያንሌ ሲቀሰቅሱት ቀና ሳይል፣ «ይቺን ግን አልሸጥም፣ ወላሂ!» አለ። ቀጥሎም ወደ ወርሳሜ ዞሮ፣ «ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ክፍት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ብርቱካን እንዳትነካ እንጂ ና!»

ተራራው ላይ ሱሀይራ ስትነቃ የድንኳኑ ውጭ በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ጓደኞቿ እሳት ከበው እየተንዘፈዘፉ ስሟን ቢጠሩ፣ «መጣሁ» እያለች ገላበጥ ብላ ተኛች።