ስም ያገኙ ወንበሮች

«በተን። በተን። በተን።»

ዕፀገነት የነካችውን ሁሉ ጮክ ብሎ ከሚያነብላት ስልኳ ስክሪን ላይ ጣቷን አነሳችና ሳቀች። «ሰማሽው ናዝሬት? ሁለት መቶ ወንበር አለ፤ የሁሉም ስም በተን፣ ቁልፍ ብቻ ነው። የትኛው ላይ ልቀመጥ?»

ናዝሬት አልሳቀችም። የቲያትር ቤቱን የትኬት መሸጫ ድረ ገጽ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮዋ ሦስት ወር ለፍታ የሠራችው እሷ ናት። ያየው ሁሉ አድንቆላታል። ማየት የተሳናት የሃይስኩል ጓደኛዋ ዕፀገነት ግን ትናንት ደውላ፣ «ቆንጆ ነው አሉ፤ እኔ ግን ከበሩ አላለፍኩም» አለቻት። ዛሬ ናዝሬት ላፕቶፗን ይዛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ዕፀገነት ቤት ድረስ መጣች።

«እስከ ዛሬ ትኬት በምን ትቆርጪ ነበር?»

«እህቴ ትቆርጥልኛለች። መቼ እንደምሄድ፣ ከማን ጋር እንደምሄድ ሁሉን ታውቃለች። እሷ ካወቀች ደግሞ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል።»

አሁን ናዝሬትም ሳቀችና ሥራዋን ጀመረች። ለእያንዳንዱ ወንበር ረድፉን፣ ቁጥሩን፣ መያዝ አለመያዙን ጻፈች። በመጀመሪያው ሙከራ ስልኩ አዳራሹን ከኋላ ወደ ፊት አነበበው። በሁለተኛው ሁሉም ወንበር ተይዟል አለ። ሦስተኛውን ሲሞክሩ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር።

«ረድፍ አንድ፣ ወንበር ሰባት፣ ክፍት።»

ዕፀገነት አፏን በእጇ ያዘች። ጣቷን ወደ ጎን አንሸራተተች። ስምንት ክፍት፤ ዘጠኝ ተይዟል። «አዳራሹ ውስጥ እየሄድኩ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች።

«መሀል ላይ ይሻልሻል፤ መድረኩ በደንብ ይታያል» አለች ናዝሬት፤ ወዲያው ደነገጠች።

«ለአንቺ ይታይሽ! እኔ የተዋንያኑን ትንፋሽ ነው መስማት የምፈልገው።» ሰባትን ነካች። ጥቂት አሰበችና ስምንትንም ጨመረች።

«ለእህትሽ ነው?»

ዕፀገነት ፊቷ ቀላ። በመሥሪያ ቤቷ መዝገብ ቤት የሚሠራው ቶኩማ ቲያትር እንደሚወድ ከነገራት ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስልኩ ሁለተኛው ትኬት ለማን እንደሚላክ ጠየቀ። እሷም ከቦርሳዋ ኢርፎን አውጥታ ሰካች።

«ናዝዬ፣ እስኪ አንዴ ወደ መስኮቱ ዙሪልኝ፤ ይኼን ብቻዬን ነው የምጽፈው።»