ለሚጢ የተከለከለ ውሃ

፩

«እዚህ አትቀበርም።»

እንዲህ ነው ያለው፣ የሰፈራችን ቄስ አባ ይትባረክ። አንቱታዬን ያነሳሁት ተሳስቼ አይደለም።

፪

በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የተባለው፦

አባ ይትባረክ፦ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ያንቺ ሳትጠመቅ ሞተች። ፍትሐት የላትም፤ ከቅጥሩም አትገባም።

እንጓዳይ (እህቴ፣ የልጅቷ እናት)፦ ታማለች፣ ደርሰው ያጥምቁልኝ ብዬ ልኬብዎት አልነበር?

አባ ይትባረክ፦ ቀኗ መች ሞላና።

እንጓዳይ፦ ሞትስ ሰማንያ ቀን ጠበቃት?

አባ ይትባረክ፦

(በሩን ዘጋው።)

፫

የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ሰርግ ቤት አገኘሁት። «የእንጓዳይ ልጅ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው» አልኩት። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስም እንደሚጠመቅ ያውቃል፤ ሲያስተምር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ከገበታው ቀና ሳይል መለሰልኝ።

ነገ።

፬

የእንጓዳይ ባል አላምረው ከአጥሩ ማዶ፣ ከብት በሚነዳበት መንገድ ዳር ቆፈረ። ሚጢን፣ ቤት ውስጥ እንዲያ ነበር የምንጠራት፣ በእናቷ ነጠላ ጠቅልለን አስገባናት። ጸሎት ያደረሰ የለም። እንጓዳይ እሾህ ጎትታ በላይዋ ከመረችባት።

«ላም እንዳይረግጣት» አለች።

፭

አንባቢ ሆይ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ታገሰኝ።

በክርስትና መጀመሪያ ዘመን፣ ሳይጠመቁ ስለሞቱ ሰዎች ብለው የሚጠመቁ ነበሩ። ኋላ ካርቴጅ በተባለች የሰሜን አፍሪካ ከተማ የተሰበሰቡ ጳጳሳት፣ ሬሳ እንዳይጠመቅ ብለው ከለከሉ። ማንም የማያደርገውን ነገር ደግሞ የሚከለክል የለም። ስለዚህ አንዲት እናት የቀዘቀዘ ልጇን ታቅፋ ውሃ ዳር ቆማለች ማለት ነው። ክልከላውን ጻፉልን። እሷን ማን ጻፋት?

ይህን ለእንጓዳይ ነገርኳት። «ስለ ሞቱት ይጠመቁ ነበር?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

፮

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ርብ ወንዝ ዳር አድሮ፣ ጠዋት ውሃው ተባረከ። እንጓዳይ አራስ ነሽ ቢሏትም ወጣች። አባ ይትባረክ ሕዝቡን እየረጨ ሲመጣ ፊቱ ቆመች።

«ይሄ ለእኔ አይደለም፣ አባ። ለልጄ ነው። በእኔ ራስ ላይ ያፍስሱላት።»

«የሞተ አይጠመቅም፣ ልጄ። አንቺም ሁለተኛ አትጠመቂም።»

«ሳትሞት ጠርቼዎት ነበር።»

ሴቶቹ እልልታቸውን አቆሙ። ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «ታዲያ ያን ቀን የት ነበሩ?» አሉት ጮክ ብለው። ሌላዋም ጠየቀች። ሌላዋም። ማንም ከቦታው አልተነሳም፣ ማንም ሊረጭ ራሱን አላቀረበም።

አባ ይትባረክ መስቀሉን ዝቅ አደረገ።

«ሰርግ ላይ ነበርኩ» አለ። ድምፁ አጠገቡ ለቆምነው ብቻ ነው የተሰማው።

«ለሁሉም ይንገሩ» አለች እንጓዳይ።

ተናገረ። ቀጥሎም፣ «ነገ አውጥተን ቅጥር ውስጥ እናሳርፋታለን፤ እኔው እቆፍራለሁ። ለጥምቀቱ ግን ሥልጣን የለኝም፣ ልጄ» አለ።

፯

በማግስቱ ቆፈረ። አልዋሽም፣ ቆፈረ። አላምረው እጁን ሳመ። እኔ አልሳምኩም።

፰

ከዚያ በፊት፣ ወንዙ ዳር፣ «ሥልጣን የለኝም» ባለ ጊዜ የሆነውን ግን ዘልዬዋለሁ።

እንጓዳይ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባች። በእፍኟ ጨልፋ በገዛ ራሷ ላይ አፈሰሰች። ማንም አልያዛትም። የክርስትና ስም የሚያወጣው ቄስ ነው፤ እሷ ግን ቄሱን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ የልጇን ስም ጠራች፦ «ሚጢ!»