የመጨረሻው ክፍል በባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ

ሶፋ አዳሹ ሲሠራ አፉ አያርፍም። የሰው ሶፋ ገልብጦ፣ ያረጀውን ጨርቅ በጉጠት እየነቀለ፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ እንኳ ያወራል። የሚያወራው ግን ስለ ሶፋ አይደለም፤ ሶፋ ሥራው ነው፣ አስተያየት የለውም። አስተያየቱ በሮክ አልበም፣ በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልምና በሚበርሩ ጀግኖች ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው «ሊቁ» ይለዋል፤ ግማሹ ለማሾፍ፣ ግማሹ ሶፋው ቶሎ እንዲያልቅለት።

«የሮክ ባንድ ከሦስተኛው አልበም በኋላ አይሰማም» ይላል። «በመጀመሪያው ይራባሉ፣ በሁለተኛው ይናደዳሉ፣ በሦስተኛው ይጣላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ለቤት መሥሪያ ነው።»

«አራተኛው ጥሩ ቢሆንስ?» ያለው ደንበኛ ወንበሩ ሳይደርስለት ብዙ ተመላልሷል።

ካባ የሚለብስ ጀግናም አያምንም። ከተማ እየነደደ ቆሞ ካባውን በካውያ የሚተኩስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ይህን ሁሉ ፍርድ ግን ብቻውን አልፈረደም። ታናሽ እህቱ ሚጡ አለች። እናታቸው የሌሊት ተረኛ ነርስ ስለነበሩ፣ ጨለማ የምትፈራውን ሚጡን ማባበያው ቴሌቪዥኑ ነበር። አብረው አዩ፣ አብረው ናቁ፣ አብረው አለቀሱ። ሕጋቸውም ያኔ የወጣ ነው፤ አንዱ አንዱን ትቶ ቀድሞ አያይም። አንዴ ሚጡ ለፈተና ስታጠና ሊቁ ፊልሙን ሳያይ ጠበቃት፤ መጨረሻውን ሊነግረው የሞከረ ደንበኛ ሲመጣበት ደግሞ፣ ጠረጴዛውን በመዶሻ እየደበደበ ሰውዬው እስኪሄድ ዘፈነ።

አምና ሚጡ መነጽር ቤት ያለው ሰው አገባች። ደህና ሰው ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ሊቁ ሊጠላው ብዙ ጥሮ የሚይዝበት አጣ። «ትልቅ ስክሪን ገዝተናል፣ ለምን እኛ ቤት አታዩም?» ብሎ ጋብዞታል እንኳ። ሊቁ እምቢ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሱ ቤት፣ በገዛ እጁ በሠራው ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ፤ ከሠርጉ የተረፈችው ይህች ናት። ይህች ከቀረች እህቱ ለሠርግና ለልቅሶ ብቻ የምትመጣ ዘመድ ሆነች ማለት ነው።

ለዓመታት የተከተሉት ፊልም የመጨረሻ ክፍል በዚህ ሳምንት ወጣ። ጀግናው ካባ የለውም። ወገቡን የሚያመው፣ አውቶቡስ በአንድ እጁ ካነሳ በኋላ መቀመጫ የሚፈልግ ሽማግሌ ነው። «ጡረተኛው» ይሉታል። ሊቁ እንደ አባት ይወደዋል፤ አባቱን አያውቀውም እንጂ ማወዳደሪያ ቢኖረው ይመርጠው ነበር።

ቅዳሜ ሚጡ ገባች።

«ጋሼ፣ ጀመርከው እንዴ?»

«ያለ አንቺ? አብደሻል?»

«አንተን መቼስ ማን ያምናል!»

ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አጥፋ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ተቀመጠች። ፊልሙ ጀመረ።

ይህን ሶፋ ሊቁ ውስጡ እስካለው የሽቦ ጥቅል፣ ሞላ በሞላ ያውቀዋል። በአንዱ ጫፍ የተቀመጠ ሰው ሲደነግጥ በሌላው ጫፍ ይሰማል። ጡረተኛው የምድር ቤቱን በር ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ በሚጡ በኩል ሞላው ተወጠረ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ አስደንጋጩ ነገር ዘሎ ወጣ፣ ሚጡም «ውይ!» አለች። «ውይ»ው በሰዓቱ ነበር፤ የቀደመው ሞላው ነው።

ሊቁ ሶፋውን ጠረጠረ። ላልቶ ይሆናል አለ። ከእህቱ ይልቅ የእጁን ሥራ ማማት ቀለለው።

ትንሽ ቆይቶ የጡረተኛው ጎረቤት ቀልድ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ሚጡ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ስትስቅ እንዳይደፋባት ነው። ከዚያ ሳቀች።

«ምን ይሆናል ትያለሽ?» አላት። ሁልጊዜ የሚጠያየቁት ነው። ሁልጊዜም ትስታለች፤ ያውም በኩራት።

«እኔ እንጃ» አለች። «አንተስ?»

«ባለፈው ‹ጡረተኛውን የገዛ ልጁ ይከዳዋል፣ ካልከዳው ይቺን ጣቴን ቁረጣት› ስትዪ አልነበር?»

«አልኩ እንዴ?»

«ጣትሽን አስይዘሻል።»

«ትቆረጣ እንግዲህ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ሚጡ ተከራክራ እንጂ እንዲህ በቀላሉ ጣቷን ሰጥታ አታውቅም። ሊቁ «ቀድመሽ አይተሻል?» ብሎ ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከጠየቃት ትነግረዋለች፤ ውሸት አትችልም። ባሏ ከፈተው፣ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፣ ተነስታ መሄድ አሳፈራት፣ በቃ ይኸው ነው። ከነገረችው ደግሞ ይቅርታ ትጠይቃለች። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ናፍቆት ሳይሆን ለካሳ ነው። ዝም ቢልስ? ዝም ቢል እህቱ የምትደነግጥ እየመሰለች፣ እሱ ያላወቀ እየመሰለ፣ ቅዳሜን ሁሉ ሊተውኑ ነው። መጥፎ ትወና ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ነገር ነው።

ስክሪኑ ላይ ጡረተኛው ወጥ ቤት ገብቷል። እያፏጨ ድስት ያጥባል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ዛሬ ወገቡን እንኳ አላመመውም።

ሚጡ ቀስ ብላ የሊቁን እጅ ያዘች። ልቅሶ ቤት እንደሚያዘው፣ በሁለት እጇ።

ሊቁ እጁን አየ። ከዚያ ሽማግሌውን አየ። ያፏጫል። ሊሞት ነው ማለት ነው።

ቁጣው መጣ፤ ማረፊያ ግን አጣ። የከዳችውም የምታጽናናውም ይህችው እጅ ናት። ቢነጥቃት ማወቁን ታውቃለች፤ ባይነጥቃትም ሽማግሌውን እየቀበረ ነው፣ ያውም በቁሙ። ሰውዬው ድስቱን ገልብጦ ጀርባውን ይፈትጋል፤ ለነገ ንጹሕ ድስት የሚያስፈልገው ይመስል። የሊቁ እንባ ወረደ።

«ጋሼ!» አለች ሚጡ። «ታለቅሳለህ እንዴ? ገና ምንም ሳይ...»

አልጨረሰችውም። ሞላው በእሷ በኩል ዝቅ አለ፤ ትከሻዋ ወርዶ ነበር።

«ማቆሚያው የታለ?» አለች በሹክሹክታ። «ላቁመው?»

«ተይው» አለ ሊቁ። «ገና እያፏጨ ነው።»

የጡረተኛው በር ተንኳኳ።