የአያልነህ ቁራኛ

ረቡዕ ጠዋት ስነሣ አልጋው ባለቤቴን አያልነህን ከራሱ ጋር ቋጥሮት አገኘሁ። የጋቢው ጫፍና የአንሶላው ጫፍ አንድ ላይ ታስረዋል። ማን አሰረው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ቤት ውስጥ ያለነው እሱ፣ እኔና አልጋው ነን።

ፈታሁት። ውኃ ልጥድ ዞር ብዬ ስመለስ ታስሯል። እንደገና ፈታሁት፤ እያየሁት ታሰረ። ቋጠሮው ቆንጆ ነበር፤ እኔ እንኳ እንደዚያ አልቋጥርም።

“እናትነሽ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ” አለ አያልነህ።

“ዝም ብለህ ተኛ! ይህን ጋጠወጥ አልጋ ዛሬ አሳየዋለሁ” አልኩት። አፌ ነው እንጂ ሆዴ ፈርቶ ነበር። እሱን ካጣሁ ሌላ ሰው የለኝም።

ሐኪሟ ሰናይት መጣች። ልቡን አዳመጠች፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገች፣ ቋጠሮውን በጣቷ ነካችና ጓንቷን አወለቀች።

“የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል” አለች።

“እሱንማ ጎረቤቱም ይላል። መድኃኒቱን ንገሪኝ።”

“መድኃኒት የለኝም፣ እትዬ። ቃሉ ከኛ ከሐኪሞች የወጣ አይደለም፤ ከዳኞች የመጣ ነው። ጋሽ ደርብ ዘንድ ይውሰዷቸው።”

ጋሽ ደርብ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ዛሬም ከግራሩ ሥር ወንበራቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ፤ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ጎረቤቶቼ አልጋውን ከነባሌ ተሸክመው አደረሱልኝ። አልጋው መንገዱን ሙሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ጨዋ ለመምሰል ነው፤ እኔን አያታልለኝም።

ጋሽ ደርብ ቋጠሮውን አገላብጠው አዩ።

“ይህን ከአባቴ ስሰማ ነው ያደግሁት” አሉ። “ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። አንዱ ለአንዱ ቁራኛው ነው። ለበሽተኛ የተባለው ኋላ ነው።”

“እና ከሳሹ ማነው?”

“አልጋው ነዋ።”

“አልጋ ምን ጎደለበትና ነው ሰው የሚከሰው? አንሶላውን በየሳምንቱ አጥባለሁ!”

“አንቺን አልከሰሰም” አሉና ጆሯቸውን አዘነበሉ። አልጋው ሲጢጥ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሲጢጥ አለ። ጋሽ ደርብ ቀና ሲሉ ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

“ክሱ ከባድ ነው። ዛሬ አልፈርድም። እስከ ቀጠሮው እንደታሰረ ይቆያል፤ ዋስ ካለው ግን ይፈታል።”

“እኔ አለሁ!” አልኩ።

“ተይ፣ እናትነሽ!” አለ አያልነህ። “ክሱ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቂ?”

እኛ ዘንድ ለወገኑ ዋስ የሚሆን ሰው ክሱን ከጠየቀ ነውር ነው፤ ተጠራጠረ ይባላል። አልጠየቅሁም።

ጋሽ ደርብ ጋቢውን ፈቱ። ጫፉ ገና መሬት ሳይነካ አንሶላው የነጠላዬን ጫፍ ያዘ። አያልነህ እግሩን አወረደ፤ ቆመ፤ ተራመደ። እልል አልኩ፤ እንባዬ መጣ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የኔ እግር መቼ እንደከበደኝ አላስተዋልኩም።

“ቀጠሮው መቼ ነው፣ ጋሼ?” አልኩ አልጋው ላይ ከተጋደምኩበት።

“ሲደርስ አልጋው ይወስድሻል” አሉና ወንበራቸውን ይዘው ገቡ።

ቤት ስንመለስ አያልነህ ቋጠሮውን በጥርሱ ሞከረ፤ በቢላ ሞከረ፤ ቢላው ዶለዶመ። “እኔ ልመለስልህ፣ እሷን ልቀቃት” ብሎ አልጋውን ለመነው።

እሑድ ረፋዱ ላይ አያልነህ ሾርባ ሊያመጣልኝ ጓዳ ገባ። አልጋው በአራት እግሩ ተነሣና በበሩ ወጣ። እንዳልወድቅ ተጠንቅቆ ነው የሚሄደው። አያልነህ ስሜን እየጠራ ተከተለን፤ ጠርዙን ይዞ ወደ ኋላ ሳበ፤ በእነዚያ እኔ ባስፈታኋቸው እግሮቹ መሬቱን ቆነጠጠ። አልቻለም። ወንዙን ስንሻገር ድምፁ ቀረ።

ከወንዙ ማዶ አይቼው የማላውቅ ሜዳ አለ። አልጋዎች ቆመውበታል፤ የጠፍር፣ የእንጨት፣ የሽቦ፣ ዓይን እስከሚደርስ። በያንዳንዱ ላይ አንድ ሰው ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ሁሉም ወደ አንድ ባዶ የዳኛ ወንበር ዞረዋል። ወንበሩ ላይ ሣር በቅሏል።

“እንደምን ዋላችሁ?” አልኩ።

አልጋዬ ክፍት ቦታ ፈልጎ በመሃላቸው ቆመ። ከጎኔ ከተኛው ሰው ጋቢ ሥር አንድ እጅ ወጣ፤ የነጠላዬን ሌላኛ ጫፍ ዳብሶ አገኘና ከጋቢው ጋር ሳይቸኩል ይቋጥር ጀመር።