ግሱ የጠፋበት ዓረፍተ ነገር

ፕሮፌሰር ኢርምጋርድ ኬስተን ከባድ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ላን በተባለው ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ ፍልስፍና የተማረ ሁሉ ሕጎቿን እንደ ጸሎት ይደግማቸዋል። መጀመሪያ ሳትቆሙ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ከዚያ የየዓረፍተ ነገሩን ግስ ፈልጋችሁ አስምሩበት፤ ሐሳቡን በራሳችሁ ቃል በገጹ ጠርዝ፣ ኅዳጉ ላይ ጻፉ፤ ሦስት ጊዜ ሳታነቡ ጸሐፊውን አትውቀሱ። ጸሐፊው ምን ሊል ፈልጎ ይሆን ብሎ መጠየቅ ግን ክልክል ነው። «ከፊታችሁ ያለው ወረቀቱ እንጂ ሰውየው አይደለም» ትላለች።

በዚያ መንፈቅ ዓመት ረዳቷን ራይነርን፣ «እሾህ የሆነ ጽሑፍ ፈልግልኝ። ጸሐፊውን ማንም የማያውቀው ይሁን፤ ተማሪዎቹ በስም እንዳይመሩ» አለችው። ራይነር ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት አቧራ የጠጣ መጽሔት አውጥቶ ሃያ ሁለት ገጽ አባዝቶ አደለ። እሷ አስቀድማ አላየችውም። ምንም ዓይነት ጽሑፍ ቢመጣ እዚያው ፊታቸው እንደምትፈታው አትጠራጠርም ነበር።

ማክሰኞ ክፍል ገብታ ወረቀቱን ስትገልጥ «ኢ. ሆልቫይን» የሚል ስም አየች። ሆልቫይን የአባቷ ስም ነው። ጽሑፉን የጻፈችው ከማግባቷ በፊት፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ሥራ ለማግኘት ስትል ነበር። ጆሮዋ ጋለ። ራይነርን ሰረቅ አድርጋ አየችው፤ ምስኪኑ ምስጋና እየጠበቀ ፈገግ ብሏል።

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ዴትሌፍ ነው። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ወገቡን እስኪያመው ድረስ ጣሪያ ሲከድን ኖሮ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው። ሕጎቿን የእሱን ያህል ያከበረላት ተማሪ የለም።

«ፕሮፌሰር፣ ገጽ ሰባት ላይ ያለውን ረጅም ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ አነበብኩት። ግስ የለውም።»

«በደንብ ይፈልጉት።»

«ፈለግኩ እኮ! አሥራ አራት መስመር ነው። ነጠላ ሰረዝ በሽ በሽ ነው፤ ግስ ግን የለም።»

አየችው። እውነትም የለም። የመጽሔቱ አዘጋጅ «አሳጥሪው» ብሏት በመቀስ ስትቆራርጥ ግሱ አብሮ ሄዷል። ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሲልከ ቀደመቻት።

«ዴትሌፍ፣ እንዴት አልታየህም! ጽሑፉ ስለ ማየት ነው፤ ድርጊቱን ሆን ብሎ ነፈገን!»

«ዝምታው ራሱ ግስ ነው!» አለ ከኋላ ሌላው።

ክፍሉ ጦፈ። ኢርምጋርድ ተማሪዎቿ እንዲህ ሲጋጋሉ አይታ አታውቅም። ሲልከ «ጸሐፊው ከዘመኑ የቀደመ ነው» ስትል ደስ አላት፤ ደስታዋም አሳፈራት።

«በቃ!» አለች። «ኢ. ሆልቫይን እኔ ነኝ። ግሱን ረስቼው ነው።»

ራይነር በርበሬ መሰለ። ሲልከ ግን አልደነገጠችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ፕሮፌሰር፤ የእርስዎ ቃል እዚህ ላይ ምንም አይጠቅመንም። ከፊታችን ያለው ወረቀቱ እንጂ ሰውየው አይደለም ብለውናል።»

«ሰውየው እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱን ነው የምልዎት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ያስተማረቻቸው ራሷ ኢርምጋርድ ናት።

ሲወጡ ዴትሌፍ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «ግሱ ምን ነበር?»

«አላስታውስም።»

«በራሴ ቃል ስጽፈው ሃያ ሁለቱ ገጽ አንድ መስመር ሆነብኝ። ተሳስቼ ይሆን ብዬ ነው» ብሎ ኅዳጉን አሳያት። «ሰው የሚያየው ፈልግ የተባለውን ነው» ይላል።

ደጋግማ አነበበችው። «አልተሳሳቱም። ያኔ እንዲህ ብጽፈው ኖሮ ማንም አይቀጥረኝም ነበር።»

«እኛ ዘንድ ደግሞ ጣሪያው ካፈሰሰ ነው የሚያባርሩን» አላት።

በመንፈቁ መጨረሻ ሲልከ በጠፋው ግስ ላይ አርባ ገጽ ጻፈች። ኢርምጋርድ በገዛ ሕጓ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ እንከን አላገኘችበትም። እያቃሰተች ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠች። ዴትሌፍ ያቀረበው አንድ ገጽ ነው፤ አንብባ ስትጨርስ ምንም የሚጠየቅ አልቀረባትም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው ደንብ ከሃያ ገጽ በታች አይቀበልምና ቢሮዋ ጠርታ ወረቀቱን መለሰችለት።

«ታዲያ ምን ልጨምርበት?» አላት።

ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችው። እስከ ምሳ ሰዓት አብረው ቢያስቡም የሚጨመር አላገኙም።