የተዘጋ ቀን

የጋውኗን ግራ እጅጌ ተኩሳ ወደ ቀኙ ስታዞር፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከተቀመጠው ስልክ ውስጥ የመምህሩ ድምፅ፣ «ጉንዳን፣ እጅህ ይባረክ!» አለ።

ፋርማሲስቷ መተኮሻውን አቆመችው። ሦስት ወር ሙሉ ስትፈልገው የከረመችውን ስህተት ይህ ጉንዳን ብለው የሚጠሩት ሰውዬ በሁለት ቀን አገኘው ማለት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በስልክ የሚሰባሰቡት በጎ ፈቃደኞች አሥራ አንድ ናቸው። ትንንሽ ክሊኒኮች በነጻ የሚገለገሉበትን የቀጠሮ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይጠግናሉ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ፕሮግራሙ ለእናቶች «ነገ የልጅዎ ክትባት ነው» የሚል መልእክት ይልካል። ችግሩ ቀጠሮው ክሊኒኩ በሚዘጋበት ቀን ሲውል ነው። እናት ልጇን ታቅፋ ሄዳ የተቆለፈ በር ይጠብቃታል።

«ሁለተኛውን ቁልፍ ለጉንዳን ልሰጠው አስቤያለሁ» አሉ መምህሩ።

ቁልፍ የሚሉት ማንንም ሳያስፈቅዱ እርማት የማስገባት መብት ነው። አንዱን የያዙት እሳቸው፣ ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር ናቸው። ሁለተኛው እስካሁን ባለቤት የለውም። ፋርማሲስቷ አራት ዓመት ሙሉ፣ አፍ አውጥታ ሳትጠይቅ፣ የኔ ነው ብላ ስትጠብቀው ኖራለች።

«እንግዲህ አንቺ እዪለት፣ ልጄ። ካጸደቅሽው ቁልፉ የእሱ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«እትዬ፣ ሳይራሩ ይዩልኝ» አለ ጉንዳን። ቀን ቀን አሳንሰር ይጠግናል፤ ድምፁ ሁልጊዜ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ነው።

እትዬ! በሦስት ዓመት ብቻ ለምትበልጠው!

ታናሽ እህቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን እየቀባች ነበር። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ድምፁ ግን ያምራል።»

«ለአሳንሰር ያምራል!»

ላፕቶፑን ከፈተች። ከላይ የጻፈውን ማብራሪያ ዘለለችው፤ የዚያን ሰውዬ ትሕትና ማንበብ አላሰኛትም። በቀጥታ ወደ ኮዱ ገባችና ከሩዝ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው መስመር በመስመር ትበረብረው ጀመር። እሷ በአርባ መስመር ሞክራ ያቃታትን እሱ በዘጠኝ ጨርሶታል። ደግሞ ያምራል። አንጀቷ አረረ። ማንም የማንንም ሥራ እንደዚያ አጥብቆ አንብቦ አያውቅም፤ ፍቅር እንኳ እንዲህ አያስነብብም።

ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ አገኘችው። ቀኑ ዝግ ከሆነ ቀጠሮው ወደሚቀጥለው ቀን ይሻገራል፤ የሚቀጥለውስ ዝግ ቢሆን? ለሙከራ የሌለ ሕፃን መዘገበች፣ ክሊኒኩን ቅዳሜና እሁድ ዘጋችው፣ ቀጠሮውን ቅዳሜ ላይ አደረገችው። ፕሮግራሙ፣ «እሁድ ይምጡ» አለ።

«እሰይ!»

እህቷ ደንግጣ ጥፍሯን አበላሸች። «ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ቆይ፣ ጉዱ ይውጣ!»

ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ፣ «ሁለት ቀን ተከታትሎ ቢዘጋ ብሎ ራሱን ያልጠየቀ ሰው ቁልፍ ሊይዝ አይገባውም» ብላ ጻፈች። ከመላኳ በፊት አንድ ሁለት የገዛ ቃሉን ልጥቀስበት ብላ ወደ ዘለለችው ማብራሪያ ተመለሰች።

«የተዘጋ ቀን ማጣሪያውን የቀዳሁት እትዬ አረጋውያንን መጥተው መድኃኒት እንዲወስዱ ለሚጠራው ማስታወሻ ከሠሩት ክፍል ነው። አራት ዓመት ያለ እንከን ስለሠራ አልነካሁትም» ይላል።

የድሮ ሥራዋን ከፈተች። ቃል በቃል ያው ነው።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሏት። ባለፈው ሰኞ፣ መድኃኒት ቤቱ ቅዳሜና እሁድ ተዘግቶ በዋለ ማግስት፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ትናንት በመልእክት ጠርታችሁኝ መጥቼ ዝግ ነበር» ቢሏት፣ «ቀኑ ተምታቶብዎት ይሆናል፣ አባባ» ብላ ሸኝታቸዋለች። እሳቸውም እውነት መስሏቸው ይቅርታ ጠይቀዋት ነበር የሄዱት።

ጣቶቿ ግን አልቦዘኑም፤ የራሷን ክፍል ማረም ጀምረዋል። ቀድማ የራሷን ብታስተካክል፣ ከዚያ በእሱ ላይ የጻፈችውን ብትልክ፣ የእርማቶቹን ታሪክ ወደ ኋላ ገልጦ የሚያይ ማን አለ?

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ።

«ስህተቱ የኔ ነው።»

«ንገሪያቸዋ።»

«ቁልፉን ለሱ ይሰጡታላ!»

«ባትነግሪያቸውስ?»

«ባልነግራቸው…» አለችና ተወችው። ሽማግሌው ይቅርታ ሲጠይቋት፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

የጻፈችውን አጥፍታ ሌላ ጻፈች፦ «ማጣሪያው የሚያየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ስህተቱ ከእኔ ሥራ የመጣ ነው፤ ጉንዳን አምኖኝ ቀዳው። ሁለቱም ይታረሙ።» ዓይኗን ጨፍና ላከችው።

ጉንዳን ሁለቱንም አርሞ መለሰ፤ በሃያ ደቂቃ። አንድ ሰዓት እንኳ ቢፈጅበት ምን ነበረበት? «እትዬ፣ እርስዎ ባያዩት ጉድ ሆኜ ነበር» የሚል ጨምሮበታል። ጥርሷን ነከሰች።

እንደገና ሞከረችው። ክሊኒኩን ሦስት ቀን ዘጋችው፣ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ። ፕሮግራሙ፣ «ማክሰኞ ይምጡ» አለ። አራት ቀን ዘጋችው፤ ረቡዕ አለ። ሳምንቱን በሙሉ ዘጋችው፤ እሱንም አልሳተም። ሌላ የምትሞክረው አጣች።

«አጽድቅ» የሚለውን ተጫነች። ደረቷ ውስጥ ያለው ቅናት ግን ፈቅ አላለም።

ከዚያ ወደ ቀጠሮ መዝገቡ ተመልሳ የሌለውን ሕፃን ሰረዘችው፣ ላፕቶፑን ዘጋችና ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችው።